የእብድ ውሻው ዘፈን

ሞጣ ልጅ ሳለሁ፣ ግቢያችን ውስጥ ተከራይተው የሚኖሩ አያ አስረስ የሚባሉ ማሲንቆ መቺ ነበሩ። ማታ ማታ ፍሙን ከበን፣ የኩራዙ ጭስ ዓይናችንን እየቆጠቆጠን፣ ተረታቸውን በማሲንቆ እያዋዙ ያወሩልን ነበር። ያኔ ከሁሉ የምወደው፣ ከሁሉም የሚያስፈራኝ፣ እብድ ውሻ ነክሶት ቁስሉን በቅጠል አስሮ የደበቀው ሙሽራ ተረት ነበር። ሙሽራው በሠርጉ ዕለት የቀረበለትን ውሃ አይቶ ሲንቀጠቀጥ፣ አያ አስረስ ማሲንቋቸውን ያቆማሉ። ከዚያ በሙሽራው ቦታ ሆነው ቀስ ብለው ይዘፍናሉ፦

«እጠቡት በሳሙና፣ በውሃ ቁስሌን፣
ሐኪም ቤት አድርሱኝ፣ አታጨልሙ ቀኔን።»

ግጥሙን የገጠሙት የጤና ጣቢያውን ቁስል አጣቢ፣ ድሬሰሩን፣ ጠይቀው መሆኑን የሰማሁት ካደግሁ በኋላ ነው።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስንመለስ የጎረቤታችንን የጨርቅ ነጋዴ ልጅ፣ ዘይነባን፣ ውሻ ነከሳት። ሌሎቹ ልጆች ሲበተኑ እኔ ግጥሙን እያንጎራጎርሁ ወደ ቧንቧው ጎትቻት እግሯን በሳሙና አጠብሁት። እናቷ «ቅጠል አዋቂ ጥሩልኝ!» እያሉ ሲጮሁ፣ «አይሆንም እማማ፣ ሐኪም ቤት ነው!» ብዬ ቀሚሳቸውን ያዝሁ። ወሰዷት፤ ተከተበች። ዛሬ ዘይነባ የሦስት ልጆች እናት ናት።

አሁን ቢቸና የጤና ባለሙያ ነኝ። ይህንኑ ግጥም አዝማሪዎች በየገበያው እንዲዘፍኑት ሐሳብ ባቀርብ ኃላፊዬ ሳቁ።

«እህቴ፣ ይኼ እኮ ሳይንስ ነው፤ ጭፈራ አይደለም። ፖስተር መጥቶልን የለም እንዴ?»

ፖስተሩ ተለጠፈ፤ ፊደሉ ደቃቅ፣ ቃሉ የሐኪም ብቻ። በዓመቱ ደግሜ ብጠይቅ «በዕቅድ አልተያዘም» ተባልሁ።

ባለፈው ክረምት አንድ አባት ልጃቸውን በቃሬዛ አስይዘው መጡ። ውሻ ከነከሳት ሁለት ወር አልፏታል። ውሃ ስናቀርብላት ጉሮሮዋ ተናነቀ። በሽታው ምልክቱ አንዴ ከታየ መዳኛ የለውምና ማናችንም ምንም ልናደርግላት አልቻልንም። አባትየው ግድግዳው ላይ ያለውን ፖስተር ትኩር ብለው አዩና «ይኼ የውሻ ሥዕል እኛም ቀበሌ ተለጥፏል። ምን እንደሚል ግን የነገረን የለም» አሉኝ።

ልጅቱ በተቀበረች ሳምንት የገበያ ቀን ወጣሁና ጨው ሻጮቹ አጠገብ ቆሜ፣ ያለ ማሲንቆ፣ በሻካራ ድምፄ ግጥሙን ዘፈንሁ። አንዳንዱ «ምን ነካት?» እያለ ሳቀብኝ። አንዲት አሮጊት ግን እጄን ያዙና «ልጄ፣ እስቲ ድገሚውማ፤ በቃሌ ልያዘው» አሉኝ። አሥር ጊዜ ያህል ደጋገምሁላቸው። በማግስቱ ቢሮ ስገባ የመሥሪያ ቤቱን ክብር አጉድፈሻል የሚል ማስጠንቀቂያ ጠበቀኝ።

አያ አስረስ ፊደል ሳይቆጥሩ አንድ እውነት በአንዲት ሕፃን ልብ ውስጥ አስቀምጠው አለፉ። እኛ ይህን ሁሉ ተምረን ከአንድ አባት ጆሮ መድረስ አቃተን። ትዝታ ያጽናናል ይባላል። እኔን ግን ያበሳጨኛል፤ ምን ማድረግ ይቻል እንደነበር አውቃለሁና።