የጋሽ ኢብራሂም የተሳሳቱ ተረቶች

ልጅ ሳለሁ ክፍል ውስጥ ትንፍሽ አልልም ነበር። ቤታችን የሚወራው ኦሮምኛ ነው፤ ከመልካ ጀብዱ ድሬ ዳዋ ገብተን አማርኛ ትምህርት ቤት ስጀምር፣ የመጀመሪያዋን መልሴን ሰምተው ልጆቹ ሳቁብኝ፤ አስተማሪውም አብሯቸው ሳቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አፌን ዘጋሁ። መልሱን እያወቅሁ ዝም፣ ስሜ ሲጠራ ዝም፣ ተነሽና አንብቢ ስባል እንባዬ እየወረደ ዝም። በዚያው ዓመቱን ወደቅሁ። ሚኒባስ የሚነዳው አባቴ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ነገር ማስረዘም ግን አይወድም። «ዘንድሮም ካልተናገረች መልካ ጀብዱ አክስቷ ጋ ትሂድና ሱቅ ትጠብቅ» ብሎ ቆረጠ። ትምህርቴ እዚያ ላይ እንደሚያበቃ ሁላችንም ገብቶናል። እናቴ ተሟግታ ተሟግታ ጋሽ ኢብራሂም ዘንድ ወሰደችኝ።

ጋሽ ኢብራሂም ጡረታ የወጡ አስተማሪ ነበሩ፤ ከመግሪብ ሶላት በኋላ የሰፈሩን ልጆች ግቢያቸው ሰብስበው ያስጠናሉ። ያኔ መብራት ቶሎ ቶሎ ስለሚጠፋ ፋኖሱ ሁልጊዜ ተወልውሎ ይጠብቃል፤ አጠገቡ የከሰል ማንደጃው ፍም ላይ ለወባ ትንኝ ተብሎ የኒም ቅጠል ይጨሳል፤ እኛም የቀኑ ሙቀት ገና ያለቀቀው ሲሚንቶ ላይ ሰሌን አንጥፈን፣ በጭሱ የሚያለቅስ ዓይናችንን እያሸን እንቀመጣለን። የዚያ ጭስ ምሬት ጉሮሮዬን ዛሬም ያልለቀቀኝ ይመስለኛል።

ሁላችንንም በአንድ መንገድ አይነዱንም ነበር። የባቡር ሠራተኛው ልጅ ሚካኤል አርፎ መቀመጥ አይሆንለትም፤ ስለዚህ ማራገቢያውን አስይዘውት ከሰሉን እያራገበ ማባዛት በቃሉ ያስወጡታል። ኢፍቱ ደግሞ ችኩል ናት፤ ጥያቄው ሳያልቅ መልስ ትወረውራለች። ለእሷ በምሽት አንዲት ጥያቄ ብቻ ይሰጧትና «እሷኑ አላምጫት፣ እንዳትውጫት» ይሏታል። እኔን ግን ለብዙ ጊዜ ምንም አልጠየቁኝም። ያዩኛል ብቻ።

ጥናቱ ሲያልቅ ተረት ይነግሩናል፤ ተረታቸው ግን ሆን ተብሎ የተበላሸ ነበር። ጅቡ ሣር ሲግጥ ያመሻል፣ ጦጣዋ ውኃ ውስጥ እንቁላል ትጥላለች፣ ፍየሏ አንበሳውን አባርራ ትይዘዋለች። ልጆቹ ስህተቷን እንደሰሙ «ዋሸህ!» ብለው ይጮኻሉ፤ እኛ አገር ትልቅ ሰውም ቢሆን «አንተ» ነው። ትክክሉን የተናገረ «ጎበዝ!» ይባልና ኦቾሎኒ ይቆነጠርለታል። ያ ሁሉ ጨዋታ ለእኔ የታሰበ መሆኑ የገባኝ ዘግይቶ ነው። በየተረቱ አንዲት ስህተት ለብቻዬ ያስቀምጣሉ። እዚያ ሲደርሱ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ወደ እኔ ይዞራሉ፣ ሌሎቹን በእጃቸው ይከለክላሉ፣ ከዚያ ይጠብቁኛል። መልሱ ምላሴ ጫፍ ደርሶ ይመለሳል። አይቆጡም፤ «ነገ ትነግሪኛለሽ» ብለው ተረቱን ይቀጥላሉ። ትልቅ ሰው ሲሳሳት መስማት፣ ተሳስቶም ሲስቅ ማየት፣ ምን ያህል እንዳሳረፈኝ ልነግራችሁ አልችልም። በጣም እወዳቸው ነበር።

ባለቤታቸው እትዬ ዘይነባ ቀፊራ ገበያ ቅመም ይሸጡ ነበር። በዚያ ዓመት ረመዳን ላይ ትንሽ ታመው አረፉ፤ ሰፈሩ ነቅሎ ወጥቶ ቀበራቸው። ጋሽ ኢብራሂም ብዙም ሳይቆዩ ጥናቱን ቀጠሉ፤ እኛም ልጆች ነንና እንደ ድሮው ሰሌናችንን አነጠፍን።

ከዚያ ወዲህ ስህተቶቹ በዙ። አንዱን ተረት ጨርሰው እንደገና እሱኑ ይጀምሩታል፤ «ዋሸህ፣ አሁን ነግረኸናል!» እንላለን። ሚካኤልን በልጃቸው ስም ይጠሩታል፤ «ዋሸህ!» ቀላል መደመር ላይ ይቆማሉ፤ እኛ በሳቅ እንፈርሳለን። ጥናታችን ከፍ ሲል ስህተቱም አብሮ የከበደ መስሎን ነበር። «አቦ ዘንድሮ የሚያመጣው ከባድ ከባዱን ነው» ይል ነበር ሚካኤል፣ የደቻቱን ወንዝ ድልድይ ስንሻገር። እሳቸውም «ጎበዝ» ማለታቸውን አልተዉም፤ ኦቾሎኒውን ከመስጠታቸው በፊት ግን መዳፋቸውን ትክ ብለው የሚያዩበት ጊዜ ነበር። አሁን ሳስበው አንድ ነገር እንደጎደለባቸው ያውቁ ይመስለኛል። ያንን ለመደበቅ ከእኛ ሳቅ የተሻለ ቦታ ከየት ያገኛሉ?

ዓመቱ ሊያልቅ ሲል አባቴ ለአክስቴ ደውሎ ጨርሶ ነበር። በዚያ ሰሞን አንድ ምሽት መብራት ጠፍቶ በፋኖስ ተቀምጠናል፤ እኔ በግቢው በር በኩል ነኝ። ጋሽ ኢብራሂም የቀበሮዋን ተረት እያወሩ መሃል ላይ አቆሙ። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ ወደ እኔ ዞሩ።

«ይቺ ዘይነባ ዛሬ ምን ነካት?» አሉ። «ከቀፊራ መምጫዋ አለፈ እኮ።»

ከዚያም እያዩኝ ጠበቁ። በሩን እያዩ እንደነበር ያኔ በምን ልወቅ? የእኔ ስህተት መጣች አልኩ። ዘልዬ ቆምኩ።

«ዋሸህ!» አልኩ፣ ጎረቤት እስኪሰማ። «እትዬ ዘይነባ ሞታለች!»

ልጆቹ አጨበጨቡ። ሚካኤል ማራገቢያውን ወደ ላይ ወረወረ፤ «ሰሚራ ተናገረች! ወላሂ ተናገረች!»  የሆነ ነገር ከጋሽ ኢብራሂም ፊት ላይ ሲወርድ አየሁ፤ ምን እንደሆነ ግን ለመረዳት ልጅ ነበርኩ።

«ጎበዝ» አሉ በመጨረሻ። «ጎበዝ ሰሚራ። አማርኛሽ ጥርት ያለ ነው።» እጃቸው ወደ ኦቾሎኒው ሄዶ መንገድ ላይ ቆመ። ከዚያ በጣም ቀስ ብለው «መቼ ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ።

«ረመዳን ላይ!» አለ ሚካኤል ተሽቀዳድሞ። «እኛም ቀብር ነበርን!»

ጭብጨባው ሞተ። መጀመሪያ ያለቀሰችው ኢፍቱ ናት። ጋሽ ኢብራሂም የሽርጣቸውን ጫፍ አንስተው ፊታቸውን ሸፈኑ። እኛ አንድ በአንድ እየተነሳን፣ ጫማችንን በእጃችን ይዘን ወጣን።

በማግስቱ ክፍል ውስጥ ተነሽና አንብቢ ስባል ተነስቼ አነበብኩ። ከዚህ በኋላ አፌ የሚያወጣው ማናቸውም ነገር ከዚያች ከአንዷ ቃል ሊብስ አይችልም፤ ስለዚህ ፍርሃቱ ለቀቀኝ። ፈተናውን አለፍኩ። አባቴ ለአክስቴ «ቀርቷል» ብሎ ደወለላት፤ ለእኔም አዲስ ጫማ ገዛልኝ። እናቴ ምስጋናዋን ለጋሽ ኢብራሂም ለማድረስ ስትሄድ አብሬያት አልሄድኩም።

ክረምቱ ሳይገባ ጅቡቲ የሚሠራው ልጃቸው ሊወስዳቸው መጣ። ልንሰናበታቸው ሄደን ከበናቸው ቆምን፤ ሻንጣው በር ላይ ነው። ልጅየውን አዩት፣ እኛን አዩን፣ ከዚያ «ዘይነባስ?» አሉ። ልጃቸው ከንፈሩን ነክሶ ወደ ግድግዳው ዞረ። ሚካኤልም ኢፍቱም እኔን አዩኝ።

«ገበያ ናት» አልኩ። «ትመጣለች።»

«እሺ» አሉ። «በሩን እንዳትዘጉባት እንግዲህ።»

አንድም ልጅ «ዋሸሽ» ብሎ አልጮኸም።

ከሄዱ በኋላ ብዙ ሳይቆዩ እንዳረፉ ሰማን። እኔ አሁን እዚሁ ድሬ ልጆች አስጠናለሁ። የሚቸኩለውን ማዘግየት፣ መቀመጥ ለማይችለው እጁ ላይ ሥራ መስጠት፣ ዝም ያለውን ሳይሰለቹ መጠበቅ፣ ሁሉም ከእሳቸው የቀረልኝ ነው። የተሳሳተ ተረት ግን ተናግሬ አላውቅም። ስንት ወር ዝም ያለ ልጅ አንድ ቀን ቀና ብሎ አፉን ሊከፍት ሲል ደስ ይለኛል፤ በዚያችው ቅጽበት ደግሞ እፈራለሁ። ምን ይዞ እንደሚመጣ አላውቅማ።