ቲቸር ሰልማና የማሙሽ ኮርስ

እኛ «የማሙሽ ኮርስ» እንለው ነበር። ትክክለኛ ስሙ «የሕፃናት የቋንቋ ዕድገት» ነው፤ ግን በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ማራኪ ግቢ ውስጥ በዚህ ስም የሚጠራው ሰው አላጋጠመኝም። የሕግ ተማሪዎች ካፌ ውስጥ ሲያዩን «ዛሬስ ማሙሽ ምን አለ?» እያሉ ይስቁብናል። መጀመሪያ ላይ እኔም አብሬ እስቅ ነበር። አሁን ግን በዚያ ኮርስ የሚቀልድ ሰው ከእኔ ጋር ይጣላል።

የምታስተምረን ሰልማ ዐብደላ ናት። «ናት» ያልኩት ደፍሬ አይደለም። እኔ የድብ ባሕር ልጅ ነኝ፤ ታላቅን አንቱ እያልኩ ነው ያደግሁት። በመጀመሪያው ሳምንት «እርስዎ» ስላት ማርከሯን አስቀምጣ፣ «ስሚ ማርያማዊት፣ አንቱታሽን በር ላይ ትተሽው ግቢ። የፈራ ሰው የራሱን ነገር አይናገርም» አለችኝ። አጠገቤ የተቀመጠው ፋንታሁን ከእኔ በላይ ደነገጠ። እሱ የማክሰኝት ገበሬ ልጅ ነው፤ መምህርቱን አንቺ ማለት እስከ መጨረሻው አልሆነለትምና «ቲቸር» ብሎ ቀሪውን ይውጠው ነበር።

ሰልማ እዚሁ አዲስ ዓለም ሰፈር የተወለደች የጨርቅ ነጋዴ ልጅ ናት። አባቷ ሐጂ ዐብደላ ገበያ ውስጥ ሱቅ ነበራቸው፤ ትምህርት ሲዘጋ ውሎዋ ከባንኮኒው ሥር ነበር። እንደነገረችን ከሆነ፣ ከደጋ የመጣ ገበሬ ብቅ ሲል ሌላው ነጋዴ «ምን ልስጥዎት አያ? ጋቢ? ነጠላ? ይኼ ሸጋ ነው!» እያለ ያዋክበዋል። ሐጂ ዐብደላ ግን ሰላምታ ሰጥተው ዝም ይላሉ። ሰውዬው ጨርቁን ይዳስሳል፣ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል፣ ስለ ዝናቡ ያወራል፤ ቆይቶ ቆይቶ «ልጄን ልድር ነው» ይላል። ገበያው የሚጀመረው ያኔ ነው። «አባቴ ቃል ቢያጎርሱት ኖሮ አንድ ነጠላ ገዝቶ ይሄድ ነበር፤ የመጣበትን ጉዳይ ግን አይናገርም» ትለናለች። ሰልማ አዲስ አበባ ድረስ ሄዳ ሁለተኛ ዲግሪዋን ይዛ ተመልሳለች፤ እኔን ከጠየቃችሁኝ ግን ያስተማረችን የአባቷን ሱቅ ነው። ኮርሱን ከባዶ ያቋቋመችው እሷ ናት፤ ከእሷ በፊት በእኛ የቋንቋ ትምህርት ክፍል እንዲህ ያለ ትምህርት አልነበረም።

የኮርሱ ዋና ሥራ አንድ ነው። እያንዳንዱ ተማሪ አንድ ሕፃን ይመርጣል፣ ወላጆቹን ያስፈቅዳል፣ ከዚያ ልጁ ሲጫወት አጠገቡ ቁጭ ብሎ የሚናገረውን በስልኩ ይቀዳል። ቀላል ነው ብለን ነበር።

እኔ የመረጥኩት የቤት አከራዬን ልጅ ለይላን ነው። ሦስት ዓመቷ ነው፤ ግቢ ውስጥ አፏ አያርፍም። እናቷ ግን «ዩኒቨርሲቲው ልጄን ሊቀዳት ነው» ብላ ጎረቤቱን ሁሉ አዳርሳለች። በቀጠሮው ቀን ስደርስ ለይላ ታጥባ፣ የዒድ ቀሚሷን ለብሳ፣ ፀጉሯ ተሠርቶ ሶፋው ላይ ተቀምጣ ትጠብቀኛለች። ስልኬን ሳወጣ ብድግ አለችና ከ«ኤ ፎር አፕል» ጀምራ እስከ መጨረሻው ያለ ትንፋሽ ለቀቀችው። እናቷ አጨበጨበች፤ እኔም አጨበጨብኩ። ከክፍሉ አንደኛ እንደምወጣ እርግጠኛ ነበርኩ።

ክፍል ስንገናኝ የሁሉም እንደ እኔው ነው። ፋንታሁን ማክሰኝት ሄዶ የቀዳው ሕፃን «እንዴት ዋላችሁ፣ ከብቱ ደህና ነው፣ እህሉ ደህና ነው» እያለ እንደ ሽማግሌ ሰላምታ ይደረድራል። የክፍል ተጠሪያችን ሄለን ያመጣችው ሕፃን መዝሙር ይዘምራል። የሁሉ ቁንጮ ግን የወልደኢየሱስ ነበር። የወልደኢየሱስ አባት መሪጌታ ኪዳነ ማርያም ናቸው፤ እዚሁ ጎንደር በአንድ ደብር ብዙ ካህን ያስተማሩ ሰው። የእህቱ ልጅ ወንጌላዊት፣ ገና አራት ዓመት ያልሞላት፣ እዚያው አያቷ ቤት ነው የምታድገው። አቡነ ዘበሰማያትን በግእዝ፣ ያለ አንድ ስሕተት፣ ድምጿን ከፍ ዝቅ እያደረገች አደረሰችው። ክፍሉ በጭብጨባ ተናጋ።

ሰልማ አላጨበጨበችም።

«ማነው የሚናገረው?» አለች።

«ወንጌላዊት ናታ» አለ ወልደኢየሱስ በኩራት።

«አይደለችም። እኔ የሰማሁት አያቷን ነው። ጸሎቱ ጸሎት ነው፤ ማወቋም ሸጋ ነው። እኔ የጠየቅሁህ ግን ወንጌላዊት ራሷ ምን እንደምትል ነው። እሷን አምጣልኝ።» ከዚያ ወደ ሁላችንም ዞረች። «ይኼ ሁሉ የተጠና ነው። ሁላችሁም እንደገና።»

ሕጓ አጭር ነበር፤ አትጠይቁ፣ አታስጠኑ፣ ቃል አታጉርሱ። ልጁ «እ... እ...» ሲል «ውሃ ነው?» ብላችሁ አትድረሱለት። ጠብቁ። ይህን ለጎንደር ሰው ንገሩት እስኪ! እኛ አገር ዝም ብሎ የተቀመጠ እንግዳ ወይ ታሟል ወይ ተቀይሟል። እኔ ለይላ አጠገብ ዝም ብዬ ስቀመጥ አከራዬ ሦስት ጊዜ መጥታ «ምነው፣ አሞሻል እንዴ?» ብላኛለች።

ስለ ኮርሱ ያልተባለ ነገር የለም። ፋንታሁን «አባቴ ምን ተማርክ ሲለኝ፣ ሕፃን ሳይ ከረምኩ ልበለው?» ይላል። ሄለን ሃንድ አውት የሌለው ኮርስ አይታ እንደማታውቅ ላገኘችው ሁሉ ታወራለች። ወልደኢየሱስ ግን አንድም ቃል አልተናገረም፤ ብቻ ለሳምንታት የሰልማን ዓይን ማየት ተወ። አባቱን የሰደበችበት ነበር የመሰለው።

የእኔን ሐሳብ የቀየረችው ለይላ ናት። አንድ ቅዳሜ ጫማዬን በረንዳው ላይ አውልቄ እንደተለመደው ዝም ብዬ ተቀምጫለሁ። ለይላ የዒዱን ቀሚስም ስልኬንም ረስታለች። አንዱን ጫማዬን አነሣችና አየችው። «ይኼ ደክሞታል» አለች ለራሷ። «ብዙ ሄዷል። ላስተኛው።» ነጠላዬን አልብሳው ጋደም አደረገችው። ይህን ማንም አላስጠናትም። ከዓለም ሕዝብ መካከል መጀመሪያ የሰማሁት እኔ ነበርኩ፤ እንደዚያን ቀን ተማሪ በመሆኔ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ከዚያ በኋላ ሌሎቹም አንድ በአንድ ፊታቸው በርቶ ይመጡ ጀመር። ፋንታሁን እንኳ የማክሰኝቱ ሕፃን ከበግ ጋር ያደረገውን ክርክር ለሕግ ተማሪዎች ሲያሰማ ደርሼበታለሁ።

ነገሩ እንዲህ ሲያምር ነው ወሬው የመጣው። የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ዶክተር አምሐ አዲስ ሥርዓተ ትምህርት እያዘጋጁ ነው፤ ለኮምፒውተር ትምህርት ቦታ ለመልቀቅ አንድ ኮርስ መውጣት አለበት። ዶክተር አምሐ ክፉ ሰው አይደሉም። ግን ስለ ማሙሽ ኮርስ ሲነሣ «ልጅ አፉን ለመፍታት ዩኒቨርሲቲ ይጠብቃል እንዴ?» ብለው ፈገግ ይሉ ነበር። በመጨረሻ፣ ይቅር ወይስ ይቀጥል የሚለው በመንፈቁ መዝጊያ ግምገማ ላይ በተማሪዎች አስተያየት እንዲወሰን አደረጉ።

ያን ቀን ከሰልማ ጋር በአንድ ሚኒባስ ወደ ፒያሳ ወረድን። ኮርሱ ከወጣ ምን እንደምታደርግ ጠየቅኋት።

«የጀማሪዎችን ድርሰት አርማለሁ» አለች። ከዚያ ወደ መስኮቱ ዞረች። «ማርያማዊት፣ እኔ ለዚህ ኮርስ ነው ጎንደር የተመለስኩት። ከወጣ በጣም ነው የሚከፋኝ። ግን አይወጣም።»

«በምን እርግጠኛ ሆንሽ?»

«እናንተን ሰምቻችኋለኋ!» አለችኝ፤ ሳቀችም።

እኛ ደግሞ ምን አደረግን? ሄለን ሁላችንንም ካፌው ጀርባ ሰበሰበችን። ግምገማ ላይ ሰው ተደነቃቅፎ ነገር ከሚያበላሽ በሚል፣ ለእያንዳንዳችን የምንለውን አከፋፈለችን። «ኮርሱ ዕውቀታችንን አዳብሮልናል» የፋንታሁን ሆነ። «ንድፈ ሐሳብን ከተግባር ያዛመደ ነው» የእኔ። እንደ ሠርግ መልስ ቀን ሁሉም የድርሻውን ይዞ ገባ። ለወልደኢየሱስ ማንም አልሰጠውም፤ ዝም ቢል ይሻላል ተባለ።

በግምገማው ቀን አዳራሹ ጢም ብሏል። ዶክተር አምሐ መሐል፣ ሰልማ ጥግ ላይ ተቀምጠዋል። ሄለን ተነሣችና ያጠናችውን አለች። ሌላው ተነሣ፤ አለ። እኔም ተነሥቼ ንድፈ ሐሳቤን ከተግባሬ አዛምጄ ተቀመጥኩ። አንድ ዓይነት ድምፅ፣ አንድ ዓይነት አጨራረስ። የዶክተር አምሐ ፈገግታ እየሰፋ ሄደ።

«አስተያየታችሁ ዩኒፎርም ለብሶ የመጣ ይመስላል» አሉ። «እንዲህ ከሆነ እኔ ምን ላይ ተመሥርቼ ልወስን?»

ሰልማ እጇን አወጣች። ልትከራከርልን ነው ብዬ ደስ አለኝ። እሷ ግን ዶክተር አምሐን ሳይሆን እኛን ነበር የምታየው።

«ማነው የሚናገረው?» አለች።

እግዚአብሔር ያሳያችሁ፤ መሬት ብትሰነጠቅ ገብቼ ነበር። የገዛ ኮርሷን የሚያድን ምስጋና ይዘንላት ብንመጣ «የተጠና ነው» ብላ መለሰችው። ያን ጊዜ ተናደድኩባት። አሁን ሳስበው ግን ከዚያ የበለጠ በእኛ የተማመነ ሰው አላውቅም።

መጀመሪያ የደፈረው ፋንታሁን ነው። «እኔማ...» ብሎ ብድግ አለ። «እኔማ መጀመሪያ ጠልቸው ነበር። ዝም ብሎ መቀመጥ እንዴት ያደክማል! ኮርሱ መንገድ መንገድ ነው፤ ማክሰኝት ድረስ ስመላለስ ከረምሁ፤ ሌላ ትምህርትም አስጎድሎኛል። ይኼ መታረም አለበት። ግን ምነው ይውጣ ይባላል? እኔ እኮ ሰው ሳያቋርጡ መስማት አላውቅም ነበር።» ዶክተር አምሐ ቀና ብለው አዩት።

ከዚያ ወልደኢየሱስ ተነሣ። የሄለን ፊት ዐመድ ሆነ። እሱ ቆሞ አፉን ከፈተ፤ ምንም አልወጣም። ከኋላ አንዱ «ጠቃሚ ነው በል!» አለው፤ ሌላው «አመሰግናለሁ በልና ተቀመጥ» አለ። ሰልማ መዳፏን ወደ ላይ አነሣች። ሁላችንም አወቅነው። ቃል አታጉርሱ። አዳራሹ ሙሉ ሰው ጠበቀው።

«ቲቸር ወንጌላዊትን አምጣት ስትለኝ ተቀይሜ ነበር» አለ በመጨረሻ። «አባቴ የሚያውቀው ማስጠናት ነው። ለእኔም ያሳየኝ ፍቅር እሱ ነው። ወንጌላዊትንም የሚያስጠናት ስለሚወዳት ነው። እናም እልህ ይዞኝ ሄጄ አጠገቧ ዝም ብዬ ተቀመጥሁ። ብዙ ቀን ምንም የለም። አንድ ቀን ጠጠሮቿን ክብ አድርጋ ደረደረችና እንዲህ ስትላቸው ቀዳኋት፤ ‹አባባ መጣ። ዝም እንበል።› ትንሽ ቆይታ ደግሞ ‹አባባ ሄደ። በሉ እናውራ።›»

ወልደኢየሱስ ቀጠለ።

«አባባ የምትለው አባቴን ነው። ላሰማው ወይስ ልተወው ብዬ ሰነበትሁ። አሰማሁት። አንዴ ሰማ። ድገመው አለኝ። ደገምሁለት። አባቴ መሬት ላይ ሲቀመጥ አይቸው አላውቅም። ሄዶ ከጠጠሮቹ አጠገብ ተቀመጠና ‹ወንጌላዊት፣ አባባ አልሄደም። እናውራ› አላት።»

«እሷስ ምን አለች?» አሉ ዶክተር አምሐ። የስብሰባ ድምፃቸው ጠፍቶ ነበር።

«ወዲያው አልመለሰችም። አባቴ ሌላ ቃል ሊጨምር ሲል እጁን ያዝሁት። ጠበቀ። ከዚያ ከጠጠሮቿ አንዷን አነሥታ መዳፉ ላይ አስቀመጠችለትና ‹እሺ፤ መጀመሪያ አንተ ዝም በል› አለችው።»

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ፤ ወልደኢየሱስም እንባውን እየጠረገ ይስቃል። ሰልማ አለቀሰች፤ ልትደብቀውም አልሞከረች። ዶክተር አምሐ እንደ ልማዳቸው የመዝጊያ ንግግር ሊያደርጉ ተነሡ። እኛን አዩን፤ ወልደኢየሱስን አዩት። ብዙ የሚናገሩ ሰው ነበሩ።

«ይቀጥላል» ብለው ተቀመጡ።