የጋሼ ወርቁ ጆሮ

ይህን ለሚስቴም፣ ለንስሐ አባቴም ተናግሬው አላውቅም። ዛሬ ለማላውቅህ ለአንተ እናገራለሁ። ጋሼ ወርቁ ጆሯቸውን እንዳያምኑ ያደረግኳቸው እኔ ነኝ።

ሰባተኛ ሰፈር፣ ከቆርቆሮ ተራ ጀርባ በነበረችው ጋራዥ አብረን እንሠራ ነበር። ጋሼ ወርቁ ስድሳን ያለፉ የጎጃም ሰው፣ የአሮጌ ቮልስ ሐኪም ነበሩ። ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ ቀጭኗን የብረት መለኪያ በቫልቩ ክፍተት አስገብተው፣ ብሎኑን በካቻቢቴ ጠበቅ፣ ላላ ያደርጉታል። ከዚያ ሞተሩን አስነስተው ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። የጋሪ ገፊው ጩኸት፣ የቀጥቃጩ መዶሻ፣ ምንም አያግዳቸውም።

«ትንሽ ስትንኳኳ አትፍራት» ይሉኝ ነበር፤ «ድምጿን ያጠፋች ቫልቭ ናት የምትቃጠለው።»

ያ ጠዋት የቤንዚን ሽታው ሳይቀር ይናፍቀኛል።

አንድ ቀን የአንድ መምህር ቮልስ ሠርተው ጨረሱና ተክለ ሃይማኖት ለቀብር ሄዱ። እኔ አስነሳሁት። ይንኳኳል። አርጅተዋል አልኩ በልቤ። ማን ጠየቀኝ? ማንም። ከእሳቸው እበልጣለሁ ብዬ ክዳኑን ፈታሁ፤ እኔው፣ በገዛ እጄ፣ ቫልቩን ድምፁ እስኪጠፋ አጠበቅኩት። መምህሩ መጥቶ ወሰደው።

በሦስተኛው ሳምንት መኪናው ተጎትቶ ተመለሰ። ሞተሩ ሲፈታ የአንዱ ቫልቭ ጠርዝ ተቃጥሎ ተበልቷል። ጋሼ ወርቁ በጨርቅ ጠርገው ብዙ አዩት።

«ያን ቀን ያስረከብከው አንተ ነህ። ድምፁ እንዴት ነበር?»

«ዝም ያለ ነበር፣ ጋሼ።»

«እኔ እኮ ሲንኳኳ ሰምቼ ነው የሄድኩት።»

«እንጃ፤ እኔ አልሰማሁም።»

ሳስረክበው ሞተሩ ዝም ማለቱ እውነት ነበር። እውነቱን ራሱን ውሸት አደረግኩት።

መምህሩን ጎንበስ ብለው ይቅርታ ጠየቁት። ከዚያ ወዲህ ቫልቭ አልነኩም፤ ጎማ ይፈታሉ፣ ብሎን ይለያሉ። ሞተር ሲነሳ ወደ እኔ ዞር ብለው «ደህና ነው?» ይሉኛል። እኔን። እሳቸው እኔን። «ደህና ነው» እያልኩ ቦታቸውን ያዝኩ። ኋላም መምጣቱን ተዉት።

ባለፈው ዓመት አረፉ። ለቅሶ ስደርስ ልጃቸው አልማዝ እጄን ይዛ፣ «አባዬ ሁሌ ያነሳህ ነበር» አለችኝ። «ሌላው ሊያጽናናኝ ሲዋሽ፣ ጆሮዬ መድከሙን በግልጽ የነገረኝ እሱ ነው ይል ነበር።»

እግዚአብሔር ያጥናሽ ብዬ ወጣሁ። ያኔም አልተናገርኩም።

ልጅ ነበርኩ እንዳልል፣ ሠላሳ አራት ዓመቴ ነበር። እንጀራዬን ፈርቼ ነው እንዳልል፣ እሳቸው ሰው ከሥራ የሚያስባርሩ አልነበሩም። ኩራት ነበር፤ ሌላ ስም የለውም። አልማዝ ሲኒማ ራስ አጠገብ ሱቅ አላት። ነገ ጠዋት ሳትከፍት በሯ ላይ እቆማለሁ። ይቅር ባትለኝ አልከራከራትም።