ከኋላችን የነበረው ፔኪንግ

ናዝሬት ውስጥ ፎቶ ቤት የተቀጠርኩ ዕለት የተሰጠኝ ሥራ ለመንገደኛ ማሳያ ፎቶ የሚሰቀልበትን የቬትሪናውን መስታወት መወልወል ነበር። አሠሪዬ ታደሰ፣ በየጠዋቱ ውጪ ቆመሽ እንደ ደንበኛ እዪው አለኝ። እሺ ጋሼ አልኩ። ከሁለት ዓመት በኋላ ጋሼ ማለቱን ትቼ አገባሁት።

እሱ ያነሣል፤ እኔ ጨለማ ክፍል ፊልም አጥባለሁ፣ ኔጋቲቭ በእርሳስ አርማለሁ። ከደንበኛ ጀርባ የሚዘረጋውን መጋረጃም የሳለው እሱ ነው። አንድ መንገደኛ ረስቶት ከሄደው መጽሔት አይቶ የቻይናዋን ከተማ የፔኪንግን ዝነኛ ቦታዎች ደረደረበት፤ ሦስት ጣሪያ የተደራረበበት ክብ ቤተ መቅደስ፣ የነገሥታቱ ቤተ መንግሥት በር፣ ሐይቅ ዳር የቆመች የእብነ በረድ መርከብ። ፊልማችን ጥቁርና ነጭ ስለሆነ ሁሉንም በግራጫ ሳለው። ቀለሙን ለደንበኛ በአፉ ይነግራል፤ ጣሪያው ሰማያዊ ነው፣ በሩ ቀይ ነው ይላል። ራሱ ከአዲስ አበባ አልፎ አያውቅም።

አንድ የመቂ ሽንኩርት ገበሬ ቤተ መቅደሱን አይቶ ማን እንደሚኖርበት ጠየቀ። ታደሰ፣ ንጉሡ ለእህል የሚጸልይበት ነበር አለው።

«በል እዚሁ ፊት አቁመኝ» አለ ሰውዬው፤ «ሽንኩርቴ ውሃ ጠምቶታል።»

የሶማሊያ ጦርነት ሲመጣ ራዲዮው ቻይናን ከጠላት ወገን ይቆጥራት ጀመር። መጽሔቱን አቃጠልነው። መጋረጃውን ግን ስለለመድነው እንደ ግድግዳ ቆጠርነው። አንድ ቅዳሜ ካድሬ ለመታወቂያ ጉርድ ፎቶ ሊነሣ መጣ።

«ጓድ ታደሰ፣ ይህ የት አገር ነው?»

ታደሰ ደንግጦ «ላንጋኖ» አለ።

«ላንጋኖን አውቀዋለሁ። ሰኞ ፎቶዬን ስወስድ ደህና አድርጌ አየዋለሁ።»

እሑድ በሩን ዘግተን መጋረጃውን ላንጋኖ አደረግነው። ቤተ መቅደሱ የሣር ጎጆ ሆነ፤ በሩ ኮረብታ፣ መርከቧ የዓሣ አጥማጅ ታንኳ። ውጪ መኪና በቆመ ቁጥር ታደሰ ብሩሹን ከኋላው ይደብቃል። እኔ ፔኪንግ የሚታይባቸውን ኔጋቲቮች ከየፖስታቸው አወጣሁ። ፊልም ሲቃጠል ጎረቤት ይሸተዋል፤ ስለዚህ በመቀስ እየቆራረጥኩ ሽንት ቤት ጣልኳቸው። የሠርጋችን ኔጋቲቭ ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። ትልቁ ፎቶ ቬትሪናው ውስጥ አለልን ብዬ ራሴን አጽናናሁና ቆረጥኩት።

ሰኞ ካድሬው መጣ። መጋረጃውን በጣቱ ነካ፤ የናዝሬት ሙቀት ደግ ነው፣ ደርቋል። «ላንጋኖ ነው» አለ። ታደሰ ተነፈሰ። ሰውዬው ፎቶውን ኪሱ ከትቶ ወጣ። በመስታወቱ አሻግሬ ሳየው ቬትሪናው ፊት ቆሟል። ተመልሶ ገባ።

«ጓድ ታደሰ፣ የተሞሸራችሁትም ላንጋኖ ነው?»

ቬትሪናው ውስጥ ቤተ መቅደሱ ከነሦስት ጣሪያው ከኋላችን ቆሟል። ያን መስታወት በየጠዋቱ ስወለውል የማየው ታደሰንና ራሴን ብቻ ነበር።

ፎቶውንም ታደሰንም ይዞ ሄደ። በየቀኑ ስንቅ ይዤ እስር ቤቱ በር ላይ እቆም ነበር፤ ባዶው ሳህን ሲመለስልኝ በሕይወት አለ እላለሁ። ከሰባት ወር በኋላ ተፈታ። ሥራውን ቀጠለ፤ ስለ ቀለም ግን ዳግመኛ ለማንም አልነገረም። ፎቶው አልተመለሰም።

ባለፈው ዓመት ሲሞት ለቀብሩ የያዝነው የመታወቂያ ጉርድ ፎቶውን ነው። ከኋላው ነጭ ጨርቅ ብቻ አለ።

ይህን ሥራ ለምትጀምሩ፦ ቬትሪናችሁን በየጠዋቱ ውጪ ቆማችሁ እዩት። የራሳችሁ ፎቶ ካለበት ሁለት ጊዜ እዩት።