የሲሬ ወፍጮ በእንግሊዝ ገበያ

እስክሪብቶዎቼን የማስቀምጥባት ጣሳ ዘጠኝ ቀዳዳ አላት። ሁሉም በሚስማር የተበሱ ናቸው፤ አንዱ ከሌሎቹ ሰፍቶ ጠርዙ ተቀዷል። ተማሪዎቼ ደብተር ተሸክመውልኝ ቤት ሲመጡ፣ «ቲቸር፣ ይቺን ነገር ለምን አይጥሏትም?» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው፤ ነቀምቴ ውስጥ ቆንጆ ቆንጆ ማስቀመጫ ሞልቷል። እኔ ግን አልፎ አልፎ አፍንጫዬን አስጠግቼ ሳሸታት ናፍጣ ናፍጣ ትለኛለች። ከዚህ ሁሉ ዓመትና እጥበት በኋላ ናፍጣ ልትሸት እንደማትችል አውቃለሁ፤ አፍንጫዬ ግን እልኸኛ ነው።

አጎቴ ሲሬ ውስጥ ባለ ወፍጮ ነበር። የእናቴ ወንድም ነው፤ ኤሱማ እንለዋለን። በእኛ ቤት ኤሱማ ይቀለድበታል እንጂ አንቱ አይባልም። ወፍጮውን የምታዞርለት ሞተር ከአባቱ የወረሳት ነበረች፦ ጥቁር አረንጓዴ፣ በግራና በቀኝ ትልልቅ መዘውር ያላት፣ ሆዷ ላይ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ያለበት ትንሽ የነሐስ ሳህን የተለጠፈባት። ከጽሑፉ አንዷን ቃል መርጦ ስም አውጥቶላት ነበር፤ ሰው ላሙን እንደሚጠራ ይጠራታል። ጭስ ማውጫዋ ጫፍ ላይ ደግሞ የተበሳ ጣሳ ያስርባታል። ጣሳ የሌለው ሞተር ዱብ ዱብ እያለ ጎረቤት እንኳ ሳይሰማው ይውላል። ጣሳው ሲታሰርበት ግን «ቱክ! ቱክ! ቱክ!» እያለ ጋራ ይሻገራል። ሴቶቹ ያንን ሲሰሙ ነው ጆንያቸውን አህያ ላይ የሚጭኑት። ያለ ጣሳ ወፍጮ፣ ያለ ደወል ቤተ ክርስቲያን ማለት ነው።

«የኔዋ እስከ ኡኬ ትሰማለች» ይል ነበር አጎቴ። ኡኬ የት፣ ሲሬ የት! ግን ባለ ወፍጮን ማን ይከራከረዋል? ዱቄትህን አሻክሮ ይፈጭልሃል።

ያን ጊዜ እኔ ነቀምቴ ውስጥ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ሆኜ ገና መቀጠሬ ነበር። የቤተ ክርስቲያናችን ምዕመናን ከአንዲት የእንግሊዝ የገበያ ከተማ ምዕመናን ጋር መጠያየቅ ጀምረው፣ በመጀመሪያ እነሱ መጡ። ከአዲስ አበባ በአኖ በኩል ወደ ነቀምቴ ስናመጣቸው ሲሬ ላይ ሻይ ልንጠጣ ወረድን፤ አጎቴም ቤቱን ሳያሳይ እንግዳ አይሸኝምና እየጎተተ ወፍጮ ቤት አስገባቸው። አንዷ እንግዳ መነጽሯን አድርጋ የነሐሱን ሳህን አነበበችና ጮኸች። አጎቴ ዕድሜ ልኩን የሞተሯ ስም ነው ብሎ የሚጠራው ቃል የእነሱ ከተማ ስም ነበር። ሞተሯ የተሠራችው እዚያ ነው።

ከዚያ በኋላ የጉብኝቱ ተራ የእኛ ሲሆን ማን ይሂድ የሚለው አላከራከረም። ከሽማግሌዎች አጎቴ ተመረጠ፤ እኔ አስተርጓሚዋ ሆንኩ።

ልንሄድ ሁለት ወር ሲቀረን ግን ሞተሯ ቆመች። ናፍጣ የምትረጨው ፓምፕ፣ መዳፍ የማትሞላ ቁራጭ ብረት፣ ውስጧ ተበላ። የነቀምቴው መካኒክ አገላብጦ አይቶ ራሱን ነቀነቀ። የአዲስ አበባው ደግሞ ሳያገላብጥ «አባባ፣ ይቺ ሙዚየም ነው የምትገባው» አለው። የአጎቴ ልጆች፣ ሞተሯን ለብረት ሰብሳቢዎች ሰጥተን በመብራት የሚሠራ እንትከል ብለው ያዙት። «ከእንግሊዝ እስክመለስ ማንም እንዳይነካት» አላቸው። ባዶ እጁን ከተመለሰ ሞተሯ ተሰባብራ በአይሱዙ እንደምትጫን እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። እናም የተበላችውን ፓምፕ በነጠላ ጠቅልሎ ሻንጣው ውስጥ ከተታት። አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ፈታሹ ነጠላውን ሲፈታ ክው አለ። «ይሄ ምንድን ነው?» ቢለው፣ አጎቴ «ታማሚ ናት፣ ወደ ትውልድ አገሯ ለሕክምና እየወሰድኳት ነው» አለው። ሦስት ሰው ተጠርቶ መጣ።

ከተማዋ በጣም ነበር የምታምረው። አደባባዩ በድንጋይ የተነጠፈ፣ ዙሪያውን ጠባብና ዘንበል ዘንበል ያሉ አሮጌ ቤቶች፣ ከኋላቸው ጭስ የማይወጣው ረጅም ቀይ የጡብ ጭስ ማውጫ። ዝናቡ የእኛው የነቀምቴ ሐምሌ ነው፤ ሳያቋርጥ ያንጠባጥባል፣ ከዚያ ፀሐይ ድንገት ትወጣና እርጥቡ ድንጋይ ሁሉ ያበራል። የዳቦ ሽታ አደባባዩን ሞልቶት ነበር። ቅዳሜ የገበያ ቀን ነውና አጎቴ ከዳር እስከ ዳር ሰላምታ ሊሰጥ ተነሳ። ገበያ ገብቶ ሰላም ሳይል ማለፍ አያውቅም። እያንዳንዱ ሻጭ ፊት ቆሞ ባርኔጣውን አንስቶ «አካም ቡልተን!» ይላል፤ እንዴት አደራችሁ ማለቱ ነው። አይብ ሻጩ ደነገጠ፣ አበባ ሻጯ ሳቀች፣ ዓሣ ሻጩ እጁን አውጥቶ ጨበጠው። እኔ ወጣት ነበርኩና አፍሬ ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ቀርቼ እከተለዋለሁ። ዛሬ ቢሆን ከፊቱ እቀድም ነበር።

«ኢንተላ ኮ» አለኝ ገበያውን ሲጨርስ፣ «ልጄ» ማለቱ ነው፤ «ይሄ ሁሉ ዳቦ አለ፣ ወፍጮው የታል? ምንም አይሰማኝም እኮ።»

ሞተሯን የሠራው ፋብሪካ ከተዘጋ ብዙ ዘመኑ ነበር። ገሚሱ መኖሪያ ቤት፣ ገሚሱ ሱፐርማርኬት ሆኗል። የቀረው አንድ አዳራሽ ሙዚየም ነው። ጠባቂው በዐሥራ አምስት ዓመታቸው ፋብሪካው ገብተው እስኪዘጋ የሠሩ፣ ጆሯቸው ውስጥ መስሚያ ያደረጉ ሽማግሌ ናቸው። በሩን ከፍተው ሲያስገቡን አጎቴ ቀጥ ብሎ ቆመ። የሲሬዋ እህት መሐል ላይ ቆማለች። ቀለሟ ያበራል፣ ነሐሷ ተወልውሎ እንደ መስታወት ሆኗል።

ሽማግሌው ግድግዳው ላይ ያለ ቁልፍ ሲጫኑ መዘውሮቹ ቀስ ብለው መዞር ጀመሩ። ጭስ የለ፣ ሽታ የለ፣ ድምፅ የለ። አጎቴ ጎንበስ ብሎ ከሥር አየ። የተደበቀች ትንሽ የመብራት ሞተር በቺንጋ እያዞረቻት ነበር።

«ሞታለች እንዴ?» አለኝ በሹክሹክታ።

ሽማግሌውን ጠየቅኳቸው። አልሞተችም፤ የተሰበረ ነገር የላትም፤ ግን እሳቸው ያኔ የሞተር መለዋወጫ ዕቃ ሠሪ እንጂ ሞተር አስነሺ አልነበሩም፣ የሚያስነሷት ሰዎች ደግሞ አንድ በአንድ አልፈዋል፣ እንዳትሰነጠቅባቸው ፈርተው ትተዋታል። ይህን ስተረጉምለት አጎቴ ኮቱን አውልቆ ሰጠኝ።

«ናፍጣ ያምጡልኝ በያቸው።»

ሽማግሌው ትንሽ አመነቱ። ከዚያ በሩን ወለል አድርገው ከፈቱና ከራሳቸው መኪና ናፍጣ ሊቀዱ ሄዱ። አጎቴ ቺንጋውን ፈታ፣ ቧንቧውን አጠበ፣ በጨርቅ ላይ እሳት ለኩሶ አየር መሳቢያዋን አሞቀላት። ልክ ሲሬ በብርዳም ጠዋት እንደሚያደርገው እንጨት ጥርሱ ላይ ነክሶ ሌላውን ጫፍ ሆዷ ላይ አስደግፎ መዘውሯን በእጁ እያንቀሳቀሰ አዳመጣት። ከዚያ እጀታዋን ይዞ መጠምዘዝ ጀመረ። «ካኢ! ካኢ!» ይላታል፤ ተነሺ፣ ተነሺ። አንድ ጊዜ አስነጠሰች። ሁለተኛ ጊዜ ጥቁር ጭስ ተፋች። በሦስተኛው ያዘች፤ ወለሉ ከእግሬ ሥር ተንቀጠቀጠ፣ የናፍጣው ሽታ አዳራሹን ሞላው። ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አወለቁ።

እኔ ማጨብጨብ ስጀምር አጎቴ ግን ፊቱን አኮሳተረ።

«ማን ይሰማታል እንዲህ? ጣሳ የላችሁም?»

ጣሳ! ከሙዚየሙ ሻይ ቤት የባቄላ ጣሳ መጣለት። የመጀመሪያዋን በደስታ ተጣድፎ ሲበሳት ዘጠነኛው ላይ ቀደዳት፤ ወረወራት፣ እኔ አነሳኋት። ሁለተኛዋን በደንብ በሳትና መሰላል አስይዞኝ ወጥቶ በግቢው በኩል ባለው የጭስ ማውጫ ጫፍ ላይ በሽቦ አሰራት።

ቱክ! ቱክ! ቱክ! ቱክ!

የዚያች ጸጥተኛ ከተማ ርግቦች በሙሉ አንድ ላይ ተነሱ። ድምፁ ጡቡን እየመታ አደባባዩን ዞሮ ተመለሰ። ከሱፐርማርኬቱ ሰው ወጣ፤ ዳቦ ጋጋሪዋ ዱቄት በዱቄት እንደሆነች መጣች፤ ዓሣ ሻጩ ሽርጡን ሳይፈታ ሮጠ፤ አሮጊቶች ዱላቸውን ይዘው ከየቤታቸው ብቅ አሉ። ከአሮጊቶቹ አንዷ አባቷ እዚህ ይሠራ እንደነበር እየነገረችኝ በአንድ ዓይኗ ታለቅሳለች፣ በአንድ ዓይኗ ትስቃለች። አጎቴ መሰላሉ ላይ ቆሞ ሰዉ ሲሰበሰብ እያየ ፊቱ በራ።

«አየሽ» አለኝ፣ «የወፍጮ ጥሪ ሰምቶ የማይመጣ ሰው የለም። እህል መያዝ ነው የረሱት።»

ሰዉ ሲበተን ሽማግሌው መፍቻ ይዘው ተመለሱ። በነጠላ የተጠቀለለችውን ፓምፕ ገና ስንገባ አሳይተናቸው ነበርና ጉዳያችንን ያውቃሉ። ሞተሯን አጠፉ፣ ተንበረከኩ፣ የሙዚየሟን ሞተር ፓምፕ መፍታት ጀመሩ። ልባቸው ለአጎቴ ሊሰጥ ቆርጦ ነበር። ሌላ ከየትም አይገኝም፤ መሠራቱ ከቀረ ስንት ዘመኑ። እኔ ውስጤ በደስታ ዘለለ፤ የሲሬው ወፍጮ ቤት ዳነ አልኩ። አጎቴ ግን ጎንበስ ብሎ የሽማግሌውን እጅ ያዘ።

«አይሆንም» አለ።

«ኤሱማ፣ እብድ ነህ እንዴ?» አልኩት።

«የሰው በሬ አስነስቼ፣ መልሼ አርጄ ልሂድ?»

ሽማግሌው ምን አለ ብለው ያዩኛል። እንደምንም ተረጎምኩላቸው። ሽማግሌው ቀና ብለው አጎቴን አዩት፤ ከዚያ ያላሉትን ብሎን መልሰው አጠበቁና የእኛን የተበላች ፓምፕ ከነነጠላዋ ይዘው ወጡ።

አራት ቀን አላየናቸውም። አጎቴ በየቤቱ እየተጋበዘ ሻይ ይጠጣል፣ ስለ ወለጋ ያወራል፣ እኔ እተረጉማለሁ። ፈገግታው ግን ሳስቷል። አንድ ጊዜ በመስኮት እያየ «ልጆቹ ብረት ሰብሳቢውን ጠርተውት ይሆን?» ሲለኝ ሰማሁት። በአምስተኛው ቀን አውቶቡስ ልንሳፈር ስንል ሽማግሌው ከሁለት እኩዮቻቸው ጋር እየተጣደፉ መጡ። የሦስቱም ጥፍር ጥቁር ነው። ነጠላውን እንኳ አጥበውት ነበር፤ ውስጡ ፓምፗ አለች። ቤታቸው ጓሮ ባለች አሮጌ የብረት መቅረጫ ማሽን የተበላውን ሆዷን አውጥተው በአዲስ ቀርጸውላታል። በወጣትነታቸው ይሠሩ የነበረው ይህንኑ ዕቃ ነበር፤ እጃቸው አልረሳም።

አጎቴ የሽማግሌውን እጅ በሁለት እጁ ይዞ ሳመው። እንግሊዙ በገዛ ከተማቸው እጃቸውን ተስመው ቀልተው ቀሩ። ከዚያ እሳቸውም ጎንበስ ብለው የአጎቴን እጅ ሳሙ።

ሲሬ በገባን በሦስተኛው ቀን ሞተሯ ተነሳች። ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ፈጨች። ኋላ መብራት የሚያዞራቸው ወፍጮዎች በየመንደሩ በቀሉ፤ የሚጠሩበት ድምፅ የላቸውም፣ በስልክ ነው የሚጠሩት። አጎቴም ካቻምና አረፈ። ሞተሯን ማንም አልሸጣትም፤ ዶሮዎች ሥሯ እንቁላል ይጥላሉ።

ባለፈው ሳምንት ስልኬ ላይ ቪዲዮ መጣልኝ። የላከችው የሽማግሌው የልጅ ልጅ ናት፤ እሳቸውም አልፈዋል። በየቅዳሜው ገበያ ሲከፈት ሞተሯን እንደሚያስነሷት፣ ጣሳዋ ዝገት በበላት ቁጥር እንደሚቀይሩላት፣ ጣሳ አበሳሱን አያቷ እንዳስተማሯት ጽፋለች። በማግስቱ ሲሬ ወርጄ የአጎቴን ሚስት ጓሮ ፀሐይ ስትሞቅ አገኘኋት። ዓይኗ ደክሟል። ስልኩን ጆሮዋ አጠገብ አድርጌ ከፈትኩላት።

ቱክ! ቱክ! ቱክ!

ቀና አለች። እጇ መሬቱን እየዳሰሰ ሰፌዷን ፈለገ። «እናንተ ልጆች፣ በቆሎውን አውጡ፣ ወፍጮው ተነሳ!» አለች።

«እንግሊዝ አገር ነው» አልኳት ቀስ ብዬ፤ «የሱ ጣሳ ናት።»

ረጅም ጊዜ አዳመጠች። ከንፈሯ ዳር ላይ ሳቅ መጣ፣ ነጠላዋን ወደ ዓይኗ አደረገች።

«ይሄ ሰውዬ» አለች፣ «እስከ ኡኬ ትሰማለች እያለ ሲምል ውሸታም እለው ነበር እኮ። ለካ አሳንሶ ነው።»

ድምፁ አለቀ። ድገሚልኝ አለችኝ፤ ደገምኩላት።