ባዳ ዓይን ያላየው ፎቶ

ባለፈው ሳምንት የልጄ ልጅ ሊድያ ለሚ ኩራ ያለው ቤቴ ድረስ መጥታ ከቦርሳዋ ጥቁር ካሜራ አወጣች። "እማዬ፣ ይኼ እኮ ሪል ፊልም ነው! ዲጂታል አይደለም!" አለችኝ፣ እኔ ስልክ ይዤ የተወለድኩ ይመስል። አትላስ አካባቢ የሚውሉ ጓደኞቿ ሁሉ እንዲህ ያለውን አንገታቸው ላይ ማንጠልጠል ጀምረዋል። የቸገራቸው ፊልሙን የሚያጥብላቸው ሰው ነው። "ቤት ውስጥ ማጠብ ይቻላል አሉ፤ ግን በጣም ከባድ ነው" ስትለኝ ሳቄ አመለጠኝ። ከባድ ነው! እናቷን የወለድኩት እኔ በጣባና በሳፋ አጥቤዋለሁ። "ቁጭ በይና ስሚ" አልኳት።

ያኔ ሃያዎቹን ገና መጀመሬ ነበር። ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ መጋዘን ውስጥ ጸሐፊ ሆኜ ተቀጥሬ፣ ከቤታችን በእግሬ እመላለሳለሁ። መንገዱ ዳር ላሞች ይግጡ ነበር፤ አውሮፕላን አናታቸው ላይ ሲያጓራ ቀና እንኳ አይሉም። ነፋሱ ወደ እኛ ሲዞር የነዳጁ ሽታ ጓዳ ድረስ ይገባና እናቴ ወጡን ቶሎ ትከድናለች። አባቴ የገዛልኝ ሣጥን የምታህል ካሜራ ነበረችኝ። ሰፈሩን ሁሉ አነሣሁበት፤ ፊልሙን ግን እንደ ማንም ሰው ፎቶ ቤት ነበር የማሳጥበው።

ጎረቤታችን ዘይነባ የወሎ ልጅ ናት፤ ባሏ ሱቅ ነበረው። በዚያ ጥቅምት እናቷ እማማ ፋጡማ ለዓይናቸው ሕክምና ከደሴ መጥተው እሷ ዘንድ ሰነበቱ። ዘይነባ ፎቶ እንዲነሡላት ለመነች፣ አለቀሰች፤ እሳቸው እንቢ። አንድ ጠዋት ግን ግቢያቸው ስገባ፣ ዘይነባ እናቷን ፀሐይ ላይ አስቀምጣ ሹሩባ ስትሠራቸው ደረስኩ። ግማሹ ተሠርቷል፣ ግማሹ ተበትኗል፤ እማማ ፋጡማ በአንድ ነገር ከልባቸው ይስቃሉ። ምን ያህል ያምሩ ነበር! "እማማ፣ አንዴ ብቻ!" አልኩ። ሳቃቸውን ገታ አድርገው ካሜራዬን አዩ። ከዚያ፣ "አንሺ። አደራሽን ግን ልጄ፣ ፀጉሬን ባዳ ወንድ እንዳያይብኝ" አሉ።

አነሣኋቸው። ደስታዬ እስከ በራችን እንኳ አልዘለቀም። ፎቶ ቤቶቹ ሁሉ የወንድ ናቸው! ፊልሙን ብሰጥ አደራ በላ መሆኔ ነው፤ ባልሰጥ ዘይነባ እናቷን በፎቶ እንኳ ሳታስቀር ልትሸኛቸው ነው። ሴትዮዋ አርጅተዋል፤ ከሄዱ ተመልሰው እንደማይመጡ ሁላችንም እናውቃለን።

አለቃዬ አቶ ተፈራ በወጣትነታቸው ፎቶ ቤት ሠርተው ነበርና እሳቸውን ጠየቅኩ። መድኃኒቱን በብልቃጥ፣ የፎቶ ወረቀትም ጨምረው ሰጡኝ፣ አሠራሩንም ነገሩኝ። "ሕፃን እንደማጠብ ነው" አሉኝ፤ "ውኃው አይቀዝቅዝ፣ እጅሽ አይቸኩል።" የእናቴን ዕቃ ቤት ያዝኩ፤ ስንጥቁን በጨርቅ ወትፌ በሩ ላይ ቡሉኮ ሰቀልኩ። መጀመሪያ በሌላ ፊልም ሞከርኩ። በጨለማ ሳህኖቹ ተምታቱብኝና ምስሉን የሚያጸናውን መድኃኒት ምስሉን ከሚያወጣው አስቀደምኩት፤ ፊልሙ እንደ ብርጭቆ ጠርቶ ወጣ። እናቴ፣ "ዕቃ ቤቴን የጠንቋይ ቤት አስመሰልሽው፣ ትርፉ ይኼ ነው?" አለች። ተናደድኩ። ከዚያ በኋላ ምስል የሚያወጣውን በሸክላ ጣባ፣ የሚያጸናውን በብረት ሳህን፣ ውኃውን በሳፋ አደረግኩ፤ እጄ በዳሰሳ እንዲለያቸው። ሰዓት በጨለማ አይታይም። ስለዚህ አቡነ ዘበሰማያትን ረጋ ብዬ እየደጋገምኩ መለካት ተለማመድኩ።

የቁርጡ ቀን ቅዳሜ ከሰዓት ነበር። ፊልሙን በሁለት እጄ ጫፍና ጫፉን ይዤ፣ ጣባው ውስጥ ከፍ ዝቅ እያደረግኩ ጸሎቴን ስጀምር፣ "ቤቶች!" የሚል ድምፅ ሰማሁ። የአባቴ ታላቅ ወንድም ጋሼ ኃይሉ ከደብረ ብርሃን የባቄላ እሸት ይዘው መጥተዋል። ታላቅ ሰው መጥቶ ተነሥቶ አለመሳም በእኛ ቤት የማይታሰብ ነው። በሩ ከተከፈተ ደግሞ እማማ ፋጡማ ጠፉ ማለት ነው። ፊልሙን ከፍ ዝቅ ማድረጌን አላቋረጥኩም።

"ልጅቱስ የት አለች?" አሉ ጋሼ ኃይሉ።

"ዕቃ ቤት ናት" አለች እናቴ።

"ታዲያ አትወጣም እንዴ?" እርምጃቸው ወደ በሩ ቀረበ።

ቡሉኮው ሲነቃነቅ ተሰማኝ፤ እናቴ በሩን ከውጭ በጀርባዋ ተደግፋው ኖሯል። "ጸሎት ላይ ናት" አለች፤ "እስክትጨርስ አይከፈትም።"

እናቴ ውሸት አይሆንላትም፤ ያን ቀንም አልዋሸችም። እኔም ድምፄን ከፍ አድርጌ "ይትቀደስ ስምከ" አልኩ። ጋሼ ኃይሉ ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆመው እንደነበር እናቴ በኋላ ነገረችኝ። "ወይ ጉድ! በዚህ ዕድሜዋ እንዲህ ትጸልያለች?" ሲሉ እሰማለሁ፤ ሳቄን በጥርሴ ይዤ ከጣባው ወደ ሳፋው፣ ከሳፋው ወደ ብረቱ ሳህን ተሻገርኩ።

በመጨረሻ ወጥቼ ፊልሙን ወደ መስኮቱ ከፍ አደረግኩት። ምስላቸው ወጥቷል! በፊልሙ ላይ ነጩ ይጠቁራልና የእማማ ፋጡማ ሽበት ጠቁሮ ኮረዳ መስለዋል። እልል ልል ምንም አልቀረኝም። ጋሼ ኃይሉም፣ "ጸሎቱ ይኼ ነው? እስቲ ልየው" ብለው እጃቸውን ዘረጉ። ፊልሙን ወደ ደረቴ ሰበሰብኩ።

"ይቅርታ ጋሼ፣ ለእርስዎም አይቻልም። አደራ ነው" አልኳቸው።

እናቴ ደነገጠች። ለጋሼ ኃይሉ "አይቻልም" ያለ ሰው በቤታችን አልነበረም። የተዘረጋው እጃቸው ትንሽ ቆየና ትከሻዬ ላይ አረፈ። "አደራ ከሆነማ አደራ ነው። ነይ ሳሚኝ" አሉ። እሸቱን አብረን ፈልፍለን በላን።

በማግስቱ ፊልሙን ከፎቶ ወረቀቱ ጋር መስታወት ሥር አድርጌ፣ አምፖል አብርቼ አጥፍቼ፣ ወረቀቱን በዚያው መድኃኒት አጥቤ ፎቶውን አወጣሁት። እማማ ፋጡማ ዓይናቸው ድረስ አቅርበው አዩትና፣ "እናቴን መስዬ የለም እንዴ!" አሉ። ዘይነባ አንገቴን አቅፋ አለቀሰች። ፎቶውንም ፊልሙንም ሰጠኋት፤ ለራሴ ምንም አላስቀረሁም። ባለቤቴ ይህን ታሪክ ስንት ጊዜ ሰምቷል፤ ፎቶውን ግን እስከ ዛሬ አላየውም።

ሊድያ ካላየሁ አላምንም ስላለች ትናንት ገርጂ ዘይነባ ቤት ወሰድኳት። ዘይነባም አርጅታለች። የልጇን ባል ወደ ውጭ ልካ፣ በሩን ዘግታ፣ ፎቶውን ከቁም ሣጥኑ በጨርቅ እንደተጠቀለለ አመጣችው። ትንሽ ናት፣ ከመዳፍ አትበልጥም። ሳቃቸው ግን እንዳለ ነው። ሊድያ ጎንበስ ብላ አየችው። ልምድ ሆኖባት ስልኳን አውጥታ ፎቶው ላይ ደገነች። እኔና ዘይነባ ተያየን፤ አልከለከልናትም።

ልጅቷ ትንሽ አሰበች። ከዚያ ስልኩን መልሳ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ፎቶውን በሁለት እጇ ይዛ እንደገና አየችው። በሕይወቴ ብዙ የሠራሁ ሴት ነኝ፤ ሰውም አመስግኖኛል። እንደዚያች ደቂቃ የኮራሁበት ጊዜ ግን ትዝ አይለኝም።