የውሃ አባት ልጅ

ልጄ ዩኒቨርሲቲ ሊገባ ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ ምሳ ላይ፣ «አባ፣ እኔ አልሄድም» አለኝ።

ሌላ አባት ቢሆን «ለምን?» ብሎ ይጠይቅ ነበር። እኔ ለምን እንደሆነ ስለማውቅ ደሜ ፈላ። ልጄ መታጠቢያ ቤት ከገባ አንድ ሰዓት አይወጣም። ሽቅርቅር ሆኖ እንዳይመስላችሁ። ወስዋስ ነው። ለሶላት እጁን፣ ፊቱን፣ እግሩን ይታጠባል፤ ጨርሶ ሊወጣ ሲል «ውሃው በደንብ ደርሷል ወይስ ቀርቷል?» የሚል ነገር ልቡ ውስጥ ይገባል። ይመለሳል። እንደገና ከእጁ ጀምሮ ይታጠባል፤ እንደገና ይጠራጠራል። ጄሪካኑ ያልቃል፣ የሶላቱ ሰዓት ያልፋል፣ እሱ እዚያው ነው። የእግሮቹ ቆዳ በውሃ ብዛት ነጭ ሆኖ ተሰነጣጥቋል። ቤታችን ቆቦ ዳር ላይ ነው፤ ግቢው የራሳችን ነው፤ መታጠቢያውም ጥግ ላይ ያለች የቆርቆሮ ክፍል ናት። ማንም ስለማያቻኩለው ነገሩን ከእናቱና ከእኔ በቀር ያወቀ ሰው አልነበረም።

ያን ቀን ግን የባለቤቴ የወንድም ልጅ ምሳ ሊበላ መጥቶ ነበር። ልጄ በተመደበበት ግቢ ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነው፤ ወሬ ሲያወራ ደግሞ ጨው አይቀረውም።

«ሻወር ለአንድ ፎቅ ሁለት ናት» አለን። «ውሃ ጠዋት ብልጭ ብላ ትጠፋለች። ሁሉም ባልዲውን ይዞ ይሰለፋል። አንዱ ከቆየ በር ይደበደባል። በሩም መቀርቀሪያ የለውም፤ ገፍተው ገብተው ነው የሚያወጡህ! አንዱን ልጅማ በነሳሙናው አወጡት» ብሎ ከት ብሎ ሳቀ።

ከእኛ መሀል የሳቀ የለም። ልጄ የጠቀለለውን ጉርሻ መልሶ ትሪው ላይ አስቀመጠው። አልሄድም ያለኝ ያኔ ነው።

«ትሄዳለህ!» አልኩት። «አሥራ ሁለት ዓመት የተማርከው ቆርቆሮ ውስጥ ልትቀመጥ ነው?»

ተነስቶ ሊታጠብ ሄደ።

እዚህ ላይ ሥራዬን ልንገራችሁ። እኔ የውሃ አባት ነኝ። ወደ ሮቢት በሚወስደው አስፋልት ዳር የመስኖ ማሳ ያላቸው ገበሬዎች የመረጡኝ ተራ አስከባሪ ነኝ። ውሃው በቦይ ይመጣል፤ ለእያንዳንዱ ሰው ሰዓት አለው። ሰዓቱ ሲሞላ እሄዳለሁ፣ «ተራህ አልቋል!» እላለሁ፣ ቦዩን በአካፋ አፈር እደፍንበታለሁ። ሽንኩርቱ ግማሹ ሳይጠጣ ቢቀርም እደፍናለሁ። የሚለምነኝ አለ፣ የሚሰድበኝ አለ፣ አካፋ ያነሳብኝም አለ። እኔ ጆሮ ዳባ ልበስ ነው። «እሱ እናቱንም አይምርም» ይሉኛል። ሲሉኝ ደግሞ፣ ምን ልዋሻችሁ፣ ደስ ይለኛል።

እና የማውቀውን አደረግኩ። በማግስቱ ጠዋት አንድ ባልዲ ውሃ አስገባሁለትና በር ላይ ቆምኩ።

«ይሄ ዶርም ነው» አልኩት። «እኔ ሰልፈኛ ነኝ። አሥር ደቂቃ ሲሞላ ትወጣለህ።»

አሥር ደቂቃ ሲሞላ ቆርቆሮውን በአካፋው እጀታ ደበደብኩት። «ተራህ አልቋል!» የውሃው ድምፅ ቀጥ አለ። አልሃምዱሊላህ፣ ሰማኝ ብዬ ሳልጨርስ ከመጀመሪያው ጀመረ። ደገምኩ። እሱም ደገመ። በጮህኩ ቁጥር የት እንደደረሰ ይጠፋበታል ለካ! ያን ግን የነገረችኝ እናቱ ናት፤ እኔማ እልክ የገባ መስሎኝ ይበልጥ ደበደብኩ። ባልዲዋ አልቃ ሁለተኛ ባልዲ ለመነኝ። ከለከልኩት። እግሩ ላይ ሳሙና እንዳለ ወጣ።

እንዲህ እያደረግን ሳምንት ሞላን። በየቀኑ ሰዓቱ መቀነሱ ቀርቶ ይጨምር ጀመር። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው። አንድ ቀን፣ «እዚያም እንዲህ ነው የሚያወጡህ» ብዬ በሩን ገፍቼ ገባሁ። ሽርጡን በሁለት እጁ ጨብጦ፣ ጥግ ይዞ ሲንቀጠቀጥ አገኘሁት። አሥራ ስምንት ዓመቱ ነው። ቁመቱ ከእኔ ይበልጣል። እኔን ፈርቶ እንደዚያ ሲንቀጠቀጥ ማየት ልቤን ወጋኝ፤ አስተግፊሩላህ ብዬ ወጣሁ።

ባለቤቴ ደጅ ላይ ጠበቀችኝ። «ልጄን የሽንኩርት ማሳ አደረግኸው እኮ!» አለች። «ስንቱን ጎረምሳ ገበሬ ታስታርቃለህ፤ የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት አንተ ነህ!»

ከዚያ በኋላ የባሰ ነገር መጣ። ልጁ ውሃ መጠጣት ተወ። በዚህ በቆላ ሙቀት! ሽንት ቤት ከገባ መታጠብ አለበት፤ ከታጠበ አይወጣም፤ ስለዚህ ላለመግባት አይጠጣም። ከንፈሩ ደረቀ፣ ዓይኑ ጎደጎደ። ሼሁ ዘንድ ወስጄው ነበር፤ «ሦስቴ ካጠብክ በቃ፤ ልብህ ቀረ ቢልህም ጥለኸው ሂድ፤ ሃይማኖቱ ገር ነው» አሉት። እሺ ብሎ መጣ፤ ማታውኑ አንድ ሰዓት ቆየ።

ሊሄድ አምስት ቀን ሲቀረው፣ «ማንም በማያውቀን ቦታ አንድ ጊዜ እንሞክረው» አልኩት፤ በሚኒባስ ጎብዬ ወረድን። እዚያ የጭነት መኪና ሹፌሮች የሚያርፉበት አልቤርጎ አለ፤ ጓሮው ውስጥ ሁለት ሻወሮች አሉት። የአንደኛው ቧንቧ ተበላሽቷል። በሌላኛው ሦስት ሹፌሮች ፎጣቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው ተሰልፈው ነበር። እኛም ተሰለፍን፤ ከኋላችን ሁለት መጡ። ጠራራ ፀሐይ ነው። ልጄ ባልዲውን አቅፎ የፊተኞቹ ስንት ደቂቃ እንደሚቆዩ በስልኩ ይይዛል። ተራው ሲደርስ «ቢስሚላህ» ብሎ ገባ።

እስከ አሥር ደቂቃ ደህና ነበር። አሥራ አምስት ሲሆን አንዱ፣ «አባት፣ ውስጥ ያለው ሙሽራ ነው እንዴ?» አለኝ። ሳቅኩለት። ሃያ ሲሆን ሳቅ አለቀ።

«ኧረ ሰውዬ! መኪናዬ ቆሟል!» ብሎ ሁለተኛው በሩን ነረተው።

ውስጥ ውሃው ቀጥ አለ። ከዚያ ከመጀመሪያው ጀመረ።

ላቤ በጀርባዬ ወረደ። ሹፌሩ እንደገና መታ። እኔም የለመደብኝን ልል፣ ተራህ አልቋል ልል በሩ ጋ ቀረብኩ። ቀረብ ስል ውስጥ የሚያደርገውን ሰማሁ። እያለቀሰ ይቆጥራል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት።

«አባ፣ አለህ?»

«አለሁ።»

በሩ ትንሽ ተከፈተና እርጥብ እግሩ ወጣ። «ተረከዜን እይልኝ። ውሃ ደርሷል?»

አጎንብሼ አየሁ። «ደርሷል» አልኩት። እግሩ ተመለሰ። ወዲያው ድምፁ መጣ።

«እርግጠኛ ነህ? ያኔ ደርቋል ብለኸኝ ነበር እኮ።»

«ያኔ መቼ?»

«ስምንት ዓመቴ። መስጊድ። ከሰልፍ ያወጣኸኝ ቀን።»

ረስቼው ነበር ብላችሁ እውነቴን ነው። ግን ሲለኝ አፍታም አልቆየ፤ ሁሉም መጣልኝ። የውሃ አባት ተብዬ የተመረጥኩ ሰሞን ነው። ለሶላት ተሰልፈናል፤ የመረጡኝ ገበሬዎች ግራና ቀኝ ቆመዋል። አንዳንዱ «ለዘመዱ ያደላል» እያለ እንደሚያማኝ ሰምቼ ነበር። ልጄ አጠገቤ ነበር። ድንገት ክንዱን ይዤ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ተረከዝህ ደርቋል! ይሄ ሶላት አይደለም! ሂድ፣ ታጥበህ ና!» ብዬ አወጣሁት። ልጁንም አይምርም እንዲሉኝ ነው። ብለውኛልም።

ሹፌሮቹ ከኋላዬ ቆመዋል። አፌን ወደ በሩ አስጠጋሁ፤ ቀስ ብዬ ላወራ አስቤ ነበር፣ ድምፄ ግን አልታዘዘኝም፤ ሁሉም ሰሙት።

«ልጄ፣ ያን ቀን ተረከዝህ እርጥብ ነበር። ስትወጣ የእግርህ ዳና ሲሚንቶው ላይ ሙሉውን ታየ፤ ተረከዙም ጭምር። አየሁት። አይቼ ዝም አልኩ። አንተ ምንም አልጎደለህም። የዋሸሁት እኔ ነኝ፤ ሰው እንዲፈራኝ ብዬ።»

ውሃው ቆመ። በሩን ሲነርት የነበረው ሹፌር ፎጣውን ከትከሻው አውርዶ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። «ይታጠብ፣ እንጠብቃለን» አለ።

ልጄ ግን ወጣ። ሸሚዙ ገላው ላይ ተለጥፏል። እኔን ሳያይ አልፎኝ ሄደ።

ሚኒባስ መጠበቂያው ጋ ነው የተናገረው። እንደዚያ ተቆጥቶ አይቼው አላውቅም። «አሥር ዓመት ታጥቤያለሁ፣ አባ» አለ። «አሥር ዓመት!»

«አውፍ በለኝ፣ ይቅር በለኝ» አልኩት።

«ሹፌሮቹ አያውቁኝም። ለእነሱ መናገር ቀላል ነው። ሰልፉ ላይ ለነበሩት ንገራቸው። ልታጠብ በገባሁ ቁጥር ቆመው የሚያዩኝ የሚመስለኝ እነሱ ናቸው።»

ያን ሌሊት ምን እንደሆንኩ እኔ ነኝ የማውቀው። የውሃ አባት ማለት እኮ ቃሉ ነው፤ ወረቀት የለው፣ ዳኛ የለው። «ሰዓትህ ሞልቷል» ስል የሚያምኑኝ አልዋሽም ብለው ነው። ሶላት ላይ፣ በገዛ ልጄ ላይ ዋሽቻለሁ ብዬ ከተናገርኩ ነገ ቦዩ ላይ ማን ይሰማኛል? ባለቤቴን ጠየቅኳት። «እሱ ካልሄደ ውሃውን ምን ታደርገዋለህ?» አለችኝ።

በማግስቱ ከሰዓት፣ ከአሱር ሶላት በኋላ ሰው ሳይበተን ተነሳሁ። ያኔ ከነበሩት ስድስት ሰባቱ አሁንም የፊተኛው ሰልፍ ላይ ናቸው። ልጄ በሩ አጠገብ ቆሟል። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ሰልፉን፣ ተረከዙን፣ ዳናውን፣ ለምን እንዳደረግኩት ጭምር። ጨረስኩና ስድቡን ጠበቅኩ።

እርስ በርሳቸው ተያዩ። በዕድሜ ከሁሉም የሚበልጡት፣ ማሳቸው ከእኛ ጋር የሚዋሰን ሰውዬ፣ ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው፣ «የቱን ቀን ነው የምትለው?» አሉኝ።

«ልጁን ከሰልፍ ያወጣሁበትን ቀን።»

«አውጥተኸው ታውቃለህ እንዴ?» ወደ ጎን ዞሩ። «እናንተ ታስታውሳላችሁ?»

አንደኛው ራሱን ነቀነቀ። ሌላኛው፣ «ወላሂ፣ እኔ እንጃ» አለ። እየዞርኩ አንድ በአንድ ጠየቅኳቸው። የሚያስታውስ አልተገኘም። ልጄም ከበሩ ሆኖ የእያንዳንዳቸውን ፊት ያይ ነበር።

«ማንም?» አለኝ።

«ማንም» አልኩት።

እዚያው ጫማ ማውለቂያው ላይ ተቀምጦ ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ። ሽማግሌው ደንግጠው፣ «ምን ሆኖ ነው፣ አቦ? ምን አደረግነው?» ይላሉ። ምንም አላደረጉትም። አሥር ዓመት ሙሉ እያንዳንዷን የውሃ ጠብታ የሚቆጥሩበት የመሰሉት ሰዎች አንድ ቀን እንኳ አስበውት አያውቁም። ያን ቀን የያዘው እሱ ብቻ ነበር።

ከዚያ በአራተኛው ቀን ልብሱን፣ ነጠላ ጫማውንና ባልዲውን ይዞ አውቶቡስ ተራ ወረድን። ያን ጠዋት ምን ያህል እንደቆየ አላውቅም፤ ሰዓት ሳልይዝ ከግቢ ወጥቼ አስፋልቱ ዳር ጠብቄዋለሁ። ሊሳፈር ሲል እጄን ስሞ፣ «ስደውልልህ ታጠብክ ወይ፣ ቆየህ ወይ ብለህ እንዳትጠይቀኝ» አለኝ።

እሺ አልኩት። ይኸው ዓመት ሊሞላው ነው፤ ሲደውል ስለ ትምህርቱ፣ ስለ ብርዱ እጠይቀዋለሁ። ያንን ግን አልጠየቅኩትም።